አንገትና ላይኛው ጀርባ፦ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ለሚሠሩ የእንቅስቃሴ መመሪያ

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠን ሰው ከጎን ሆነው ይመልከቱት። ጠዋት ወንበሩን ተደግፎ የነበረው ጀርባ መደገፊያውን ለቋል፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ትከሻዎቹ ወደ ፊት ተጠቅልለዋል፤ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጓል። በየመሃሉ እጁን ወደ ማጅራቱ ልኮ ያሻል፣ አንገቱን ቋ ያደርጋል፣ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

እፎይታው የማይቆየው በምክንያት ነው። ያ የሚታሸው ጡንቻ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ማጠሩ ሳይሆን መድከሙ ነው፤ የሌሎችን ሥራ ደርቦ እየሠራ ነው። የሰው ራስ ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ራስ ከትከሻ በላይ ተስተካክሎ ሲቀመጥ አብዛኛውን ክብደት የሚሸከሙት 7ቱ የአንገት አጥንቶች ናቸው። ወደ ፊት ሲወጣ ግን ከኋላ ያሉት ጡንቻዎች እንደ ገመድ ተወጥረው መያዝ ግድ ይሆንባቸዋል። ውኃ የሞላ ባልዲ ሰውነት አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያይ ማሰብ ይበቃል፤ ባልዲው ያው ነው፣ ክንዱ ግን አይችለውም። ዓይን ደግሞ ስክሪኑን ማየት ስላለበት፣ የታችኛው አንገት ወደ ፊት ሲያጎነብስ ከራስ ቅል ሥር ያለው የላይኛው ክፍል ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከማጅራት ተነሥቶ ወደ ግንባርና ወደ ዓይን የሚዘልቀው የራስ ምታት ከዚህ ቦታ ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ከአንገት አይጀምርም። መጀመሪያ የደረቀውን ላይኛ ጀርባ ማላላት፣ ቀጥሎ ከጉሮሮ በስተኋላ ጠልቀው ያሉትን ትናንሽ የአንገት ጡንቻዎች መቀስቀስ፣ ከዚያ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከልና ከሥራቸው ያሉትን ማጠንከር ይቀድማል። ማጅራትን መሳብና ማፍታታት የመጨረሻው ነው። ሲሠሩት ደስ የሚለው እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ብቻ ሠርቶ ይተወዋል፤ ለዓመታት እያፍታቱ ለውጥ ያላዩ ሰዎች የሚበዙትም በዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይጥራ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ደረቱን ነፍቶ እንደ ወታደር ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰውም ይታመማል። ጡንቻን የሚያደክመው መጉበጡ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሁኔታ ላይ መቆየቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እንቅስቃሴዎች ዓላማ ሰውነት ሳይቸገር ቀና እንዲልና ቶሎ ቶሎ እንዲለዋወጥ ማስቻል ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለበት ማን ነው?

ሕመሙ ወደ ክንድ ወርዶ ጣት የሚያደነዝዝ ወይም የእጅን ጉልበት የሚያሳጣ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ ወይም የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ማስቸገር ከጀመረ፣ ሲራመዱ እግር የሚከዳ ከሆነ፣ ሕመሙ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም ሳያስቡት የመጣ የክብደት መቀነስ አብሮት ካለ፣ ወይም በየትኛውም ጎን ቢተኙ ሌሊት የማያስተኛ ከሆነ እንቅስቃሴውን አይጀምሩ፤ ቀድመው ይመርመሩ። የአጥንት መሳሳት ወይም የሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ በሽታ) ያለባቸውም እንዲሁ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ድንገት የመጣና ከዚህ በፊት የማያውቁት ዓይነት ብርቱ የራስ ወይም የአንገት ሕመም፣ ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ደረትን ጨምድዶ ወደ መንጋጋና ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም ደግሞ ቀጠሮ የሚጠብቁ አይደሉም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለሌላው ሰው መለኪያው ቀላል ነው። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ቢመዝኑት፣ በእንቅስቃሴው ጊዜ እስከ 3 የሚደርስና በማግሥቱ የሚጠፋ ሕመም አያሳስብም። ከዚያ ካለፈ ወይም በማግሥቱ ብሶ ካደረ የድግግሞሹን ብዛት በግማሽ ይቀንሱ። ወደ ክንድ የሚወርድ አዲስ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከመጣ ያን እንቅስቃሴ ያቁሙ።

ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ

ሳይለኩ የጀመሩት ነገር ለውጥ ማምጣቱን ለማወቅ ያስቸግራል። ሦስት ቀላል መለኪያዎች አሉ፤ ውጤታቸውን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ።

በመጀመሪያ ግድግዳ ይደገፉ። ተረከዝዎን ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያርቁ፤ መቀመጫዎና ላይኛው ጀርባዎ ግድግዳውን ይንካ። ፊት ለፊት እያዩ፣ አገጭዎን ሳያነሡ፣ የራስዎ የኋላ ክፍል ግድግዳውን ይነካል? ካልነካ በመካከል ስንት ጣት ይገባል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳያውቀው ራሱን ያታልላል፤ አገጩን ወደ ላይ አንሥቶ ራሱን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ያ አይቆጠርም።

ሁለተኛ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትከሻዎን ሳያንቀሳቅሱ ራስዎን ወደ ቀኝ ከዚያም ወደ ግራ ያዙሩ። በእያንዳንዱ በኩል ዓይንዎ የመጨረሻ የሚያርፍበትን ነገር፣ የመስኮት ጠርዝም ይሁን የበር እጀታ፣ ያስታውሱ።

ሦስተኛ፣ በጀርባዎ ተኝተው አገጭዎን በትንሹ ወደ ጉሮሮዎ ሰብስበው ራስዎን ከወለሉ 2 ሴንቲሜትር ያህል ያንሡና ሰዓት ይያዙ። አገጭዎ ወደ ላይ መውጣት ወይም ራስዎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቆጠራው ያበቃል። የአንገት ሕመም የሌለበት ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ 30 ሰከንድ አካባቢ ይቆያል። 10 ሰከንድ ሳይሞላ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደካማው ቦታው የት እንደሆነ አገኘ ማለት ነው። ለዚህ መለኪያ አንገትዎን የሚያምዎ ቀን አይምረጡ።

ላይኛውን ጀርባ ማላላት

በአንገትና በወገብ መካከል ያሉት 12 የጀርባ አጥንቶች ከጎን አጥንቶች ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በተፈጥሯቸው ብዙ አይንቀሳቀሱም። ቀኑን ሙሉ ጎብጠው ሲውሉ ያቺ የነበረቻቸው እንቅስቃሴም ትቀንሳለች። ያን ጊዜ ቀና ማለትም ሆነ ዞሮ ማየት ሁሉ ለአንገት ይተርፋል።

በወንበር መደገፊያ፦ ጎማ የሌለው፣ መደገፊያው ከትከሻ አጥንትዎ የታችኛ ጫፍ አካባቢ የሚያበቃ ወንበር ይፈልጉ። ወደ ኋላ ገብተው ይቀመጡ፤ ሁለቱንም እግር ወለሉ ላይ ያድርጉ። ጣቶችዎን ጠላልፈው ከማጅራትዎ ሥር ያኑሩና የራስዎን ክብደት እጆችዎ እንዲሸከሙት ይተዉላቸው፤ ክርኖችዎን ወደ ፊት ያስጠጉ። አየር እያወጡ በመደገፊያው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይለጠጡ፤ አየር እያስገቡ ይመለሱ። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይበቃል። ከዚያ መቀመጫዎን ሦስት ጣት ያህል ወደ ፊት ሳብ አድርገው ጠርዙ ከፍ ያለ ቦታ እንዲነካዎ ያድርጉና 5 ጊዜ ይድገሙ። የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፦ ራስን ወደ ኋላ መጣል፣ ወይም ከላይኛው ጀርባ ይልቅ ወገብን መቆልመም። ሆድዎን በትንሹ ያዝ ካደረጉት ወገብ ከጨዋታው ይወጣል።

በተጠቀለለ ፎጣ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ትልቅ ፎጣ አጥብቀው ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይጠቅልሉ። ወለል ላይ አግድም አስቀምጠው የትከሻ አጥንቶችዎ የታችኛ ጫፍ እንዲያርፍበት ሆነው ይተኙ፤ ጉልበትዎን ያጥፉ። ራስዎ ወለሉን ካልደረሰ ትራስ ያድርጉ፤ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። እጆችዎን ወደ ጎን ዘርግተው ለ1 ደቂቃ በዝግታ ይተንፍሱ፤ ፎጣውን ሦስት ጣት ወደ ላይ ያንሡትና ሌላ 1 ደቂቃ ይቆዩ። ፎጣው ከአንገት ሥር ወይም ከወገብ ሥር አይገባም።

በጎን ተኝቶ መዞር፦ በቀኝ ጎንዎ ይተኙ፤ ራስዎ ትራስ ላይ ይሁን፤ ሁለቱንም ጉልበት አጥፈው በመካከላቸው ትራስ ያድርጉ። ሁለቱን ክንዶች ወደ ፊት ዘርግተው መዳፍ ለመዳፍ ያጋጥሙ። የላይኛውን ክንድ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውሰዱት፤ ዓይንዎ እጅዎን ይከተል። ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ በረጅሙ አየር አውጥተው ይመለሱ። በእያንዳንዱ ጎን 8 ጊዜ። የላይኛው ጉልበት ትራሱን ለቆ ከተነሣ የዞረው ወገብ ነው፤ ክንድዎ ወለሉን ባይነካም ጉልበቱን ይጫኑት።

አገጭን መሰብሰብ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ በስህተት የሚሠራውም ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በጀርባዎ ይተኙ፤ ጉልበትዎን ያጥፉ። 2 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የታጠፈ ፎጣ ከራስ ቅልዎ ሥር ያድርጉ። ጥርስዎን አይንከሱ፤ ምላስዎ ላንቃዎ ላይ ይረፍ። አሁን በጣም ትንሽ በሆነ እንቅስቃሴ «አዎ» እንደሚል ሰው አገጭዎን ወደ ጉሮሮዎ ዝቅ ያድርጉ። ራስ ቅልዎ ፎጣው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነሣም፤ ፎጣውንም አይጫንም። ልክ እዚያ ላይ ሁለት ጣትዎን ከጆሮ ሥር ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ደረት አጥንት በሚወርደው ጡንቻ ላይ ያሳርፉ። ራስን ወደ ጎን ሲያዞሩ እንደ ገመድ ብቅ የሚለው ማለት ነው። ያ ገመድ ከጣትዎ ሥር ከደነደነ ከሚገባው በላይ ገፍተዋል፤ ጉልበቱን በግማሽ ይቀንሱ። ጡንቻው ለስላሳ እንደሆነ ቀርቶ፣ ከጉሮሮ ኋላ ጠለቅ ብሎ ቀላል ጫና ብቻ ከተሰማ የተፈለጉት ጡንቻዎች ሠሩ ማለት ነው። ሥራ የሠሩ አይመስልም፤ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

10 ሰከንድ ይቆዩ፤ እንደ ወትሮው ይተንፍሱ፤ ይፍቱ። 10 ጊዜ ይድገሙ። 10 ሰከንድ ከበዛ በ5 ይጀምሩ። ትንፋሽ የሚያዝ ከሆነ ወይም ከ6ኛው ድግግሞሽ በኋላ ገመዱ መደንደን ከጀመረ ለዚያ ቀን እዚያው ያቁሙ፤ የደከመ ጡንቻን መግፋት ሥራውን መልሶ ለትልቁ ጡንቻ መስጠት ነው። በየቀኑ አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት።

ተኝተው ከለመዱት በኋላ ተቀምጠው ይሥሩት። አንድ ጣት አገጭዎ ላይ አድርገው ፊት ለፊት እያዩ አገጭዎን መሳቢያ ወደ ውስጥ እንደሚገፋ ሰው በቀጥታ ወደ ኋላ ይውሰዱት፤ ጣቱ ባለበት ይቅር። በአገጭና በጣት መካከል ክፍተት ይታያል፤ ከአገጭ ሥር ቆዳ ይደረባል፤ መስታወት ፊት መልኩ አያምርም፣ ልክ መሆኑን የሚነግርዎ ግን እሱ ነው። 3 ሰከንድ ቆይተው ይመለሱ፤ 10 ጊዜ። ወለሉን ካዩ አንገትዎን አጎንብሰዋል፤ ጣሪያውን ካዩ የባሰውን የላይኛውን እጥፋት አብዝተዋል፤ ደረትዎ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ የተንቀሳቀሰው ወገብዎ ነው። ጀርባዎ መደገፊያውን ከነካ ይህ የመጨረሻው አይመጣም።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ መነሣትን ይጨምሩ። ተኝተው አገጭዎን ይሰብስቡ፣ እንደተሰበሰበ ራስዎን 2 ሴንቲሜትር ያንሡ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ያውርዱ፤ ከዚያ በኋላ ነው አገጭ የሚፈታው። በ5 ድግግሞሽ ጀምረው በየሳምንቱ ወይ 1 ድግግሞሽ ወይ 2 ሰከንድ ይጨምሩ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይጨምሩ። ራሱን ብቻ አንሥቶ አገጩን የለቀቀ ሰው ያጠነከረው ቀድሞም የበረታውን የአንገት ገመድ ነው።

ትከሻን ወደ ቦታው የሚመልሱ

ጠፍጣፋዎቹ የትከሻ አጥንቶች ከጎን አጥንቶች ጋር በጡንቻ እንጂ በመገጣጠሚያ አልተያያዙም። በጡንቻ የተንጠለጠለ ነገር ጡንቻው ሲደክም ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ክንድን የማንሣትም የመያዝም ሸክም ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ ላይ ይወድቃል። ማውዝ የሚይዘው እጅ ጎን ያለው ማጅራት በብዛት የሚታመመው ለዚህ ነው።

በላስቲክ መጎተት፦ የስፖርት ላስቲክ በእምብርት ከፍታ ባለ ጠንካራ ነገር ላይ ያሥሩ። የበር እጀታ ከሆነ መጎተትዎ በሩን ይበልጥ በሚዘጋበት በኩል ይቁሙ፤ በሩ ወደ እርስዎ የሚከፈት ከሆነ አደጋ ነው። ክርኖችዎን ከጎንዎ ሳያርቁ ወደ ኋላ ይጎትቱ፤ ክርኑ ከጎንዎ ጥቂት አልፎ ሲሄድ ይቁም። 2 ሰከንድ ይያዙ፤ በ3 ሰከንድ ቀስ ብለው ይመልሱ። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በዙሮቹ መካከል 1 ደቂቃ ዕረፍት። የመጨረሻዎቹ 2 ወይም 3 ከብደው ግን ሳይበላሹ ማለቅ አለባቸው፤ 15 በቀላሉ ከሄደ ላስቲኩን ያሳጥሩ ወይም ጠንከር ያለ ይያዙ። ትከሻ ወደ ጆሮ እያረገ ከመጣ ላስቲኩ ከአቅም በላይ ነው።

በግድግዳ ላይ ማንሸራተት፦ ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ተረከዝዎን 15 ሴንቲሜትር ያህል አርቀው ይቁሙ፤ ጉልበትዎ ጥቂት ይታጠፍ። ክርኖችዎን በ90 ዲግሪ አጥፈው ክንዶችዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያንሸራትቱና ይመልሱ። 10 ጊዜ፣ 2 ዙር። የእጅ አንጓ ግድግዳውን ካልነካ አይጨነቁ፤ ለማስነካት ብለው ወገብዎን ከቆለመሙ ግን ምንም አላገኙም። ወገብና ግድግዳ መካከል ከአንድ መዳፍ ውፍረት የበለጠ ክፍተት ካለ ይህን ወለል ላይ ተኝተው ይጀምሩት።

በሆድ ተኝቶ ክንድ ማንሣት፦ ግንባርዎን የታጠፈ ፎጣ ላይ አድርገው በሆድዎ ይተኙ። ክንዶችዎን ከራስዎ በላይ በሰያፍ ይዘርጉ፤ አውራ ጣት ወደ ጣሪያ ይይ። ክንዶቹን ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ያንሡ፤ 3 ሰከንድ ይያዙ። 8 ጊዜ፣ 2 ዙር፣ ያለ ምንም ክብደት። የትከሻ አጥንቶችዎ ወደ ኋላ ኪስዎ እንደሚወርዱ ሆኖ ከተሰማዎት ልክ ነው። ግንባር ከፎጣው መነሣት የለበትም።

ትከሻን ወደ ኋላ መጭመቅን በተመለከተ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ብዙዎች ቀኑን ሙሉ የትከሻ አጥንቶቻቸውን አጥብቀው አጋጥመው ለመቀመጥ ይሞክራሉ። ይህ አንዱን ድካም በሌላ መተካት ነው። በልምምድ ጊዜ ያጠንክሩት፤ ከዚያ ሥራ ላይ ይርሱት።

ደረትንና ማጅራትን ማፍታታት

ለደረት የበር መቃን ይበቃል። ክንድዎን ከክርን እስከ መዳፍ መቃኑ ላይ ያሳርፉ፤ ክርንዎ በትከሻ ከፍታ ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል። በዚያው ጎን ያለውን እግር አንድ እርምጃ ወደ ፊት አሳልፈው ደረትዎ ላይ መለጠጥ እስኪሰማ ብቻ ይሂዱ። 30 ሰከንድ፣ በእያንዳንዱ ጎን 2 ጊዜ። የሚሰማው ደረት ላይ እንጂ የትከሻ መገጣጠሚያ ፊት ላይ መሆን የለበትም። እጅ መውረር ወይም መደንዘዝ ከጀመረ ክርኑን ዝቅ ያድርጉ።

ለማጅራት፣ በግራ እጅዎ የወንበሩን መቀመጫ ጠርዝ ይያዙ። ራስዎን 45 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ አዙረው የቀኝ ብብትዎን እንደሚያይ ሰው ወደ ታች ይመልከቱ። ቀኝ እጅዎን ራስዎ ላይ ያሳርፉ፤ አይጎትቱ፣ የእጁ ክብደት ይበቃል። ከግራ የትከሻ አጥንት የላይኛ ጥግ እስከ አንገት ድረስ የሚሄድ መለጠጥ ይሰማል። 30 ሰከንድ፣ በእያንዳንዱ ጎን 2 ጊዜ፤ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አያስፈልግም።

አንገትን በፍጥነት ክብ እያዞሩ ማሟሟቅና በእጅ አገጭ ይዞ ቋ ማድረግ ይቅር። ሌላ ሰው አንገትዎን ድንገት እንዲጠመዝዝ አይፍቀዱ። ከአንገት አጥንቶች ውስጥ ለውስጥ ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮች አሉ፤ በኃይል የተደረገ ጠምዛዛ እንቅስቃሴ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ እነሱን ሊጎዳ ይችላል።

በሳምንት ውስጥ እንዴት ይከፋፈል?

አገጭን መሰብሰብና የጀርባ ማላላት በየቀኑ፣ 10 ደቂቃ ያህል። የላስቲኩ፣ የግድግዳውና የሆድ ላይ እንቅስቃሴዎች በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር። ከሁሉም በፊት ደግሞ ሥራ ላይ ሳሉ በየ30 ደቂቃው አንድ ደቂቃ፦ ይቁሙ፣ ተመልሰው ተቀምጠው ሁለት ጊዜ በወንበር መደገፊያው ላይ ወደ ኋላ ይለጠጡ፣ 5 ጊዜ አገጭ ይሰብስቡ፣ ትከሻዎን ወደ ጆሮ አንሥተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት። ጊዜ ቢያጥር የምሽቱን ልምምድ ይዝለሉ እንጂ ይህችን ደቂቃ አይዝለሉ። የስልክ ማስታወሻ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በሥራ የተጠመደ ሰው በራሱ አያስታውስም።

የአንገትና የጀርባ መገተሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሊቀል ይችላል። የጡንቻ ብርታት ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ሕመሙ ቀለል ባለበት በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ገና ብርታቱ ሳይመጣ። በ6ኛው ሳምንት ሦስቱን መለኪያዎች ይድገሙ። የግድግዳው ክፍተት አንድ ጣት ቢቀንስ ጥሩ ነው፤ ከዕድሜ ጋር የመጣ የጀርባ መጉበጥ ካለ ላይቀንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚታየው የሦስተኛው መለኪያ ሰከንድ ነው። 8 ሳምንት ሠርተው ምንም ካልተለወጠ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ይይዎ።

ጠረጴዛው ካልተስተካከለ

የስክሪኑ የላይኛ ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ርቀቱ ክንድ ተዘርግቶ እስከሚደርስበት፣ ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር። ጽሑፉን ለማንበብ የሚጠጉ ከሆነ ፊደሉን ያሳድጉ፤ ያም ካልበቃ ዓይንዎን ይታዩ፣ በአንገት የሚመጣ መስሎ የዓይን ጉዳይ የሆነ ብዙ ነው። ከታች ለማንበቢያ የተሠራ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ግን ስክሪኑን ከሌላው ሰው ዝቅ ማድረግ አለባቸው፤ አለዚያ በመነጽሩ ታች ለማየት ቀኑን ሙሉ አገጭ አንሥተው ይውላሉ።

ላፕቶፕ ለአንገት አይመችም፤ ስክሪኑን ሲያነሡት ኪቦርዱ ይነሣል፣ ኪቦርዱን ሲያወርዱት ስክሪኑ ይወርዳል። በመጻሕፍት ከፍ አድርገው ለብቻው ኪቦርድና ማውዝ ይሰኩለት። ክርን ከጎን ሳይርቅ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይታጠፍ፤ ክንድ ጠረጴዛው ወይም የወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ ላይ ይረፍ። ያረፈ ክንድ ከማጅራት ላይ የወረደ ክብደት ነው። ስልክን በጆሮና በትከሻ መካከል ይዞ መጻፍ ፈጽሞ ይቅር።

ማታ በሆድ መተኛት አንገትን ለሰዓታት ወደ አንድ ጎን አጣሞ ያሳድራል። በጎን ለሚተኛ ሰው ትራሱ በጆሮና በትከሻ ጫፍ መካከል ያለውን ቦታ መሙላት አለበት፤ በጀርባ ለሚተኛ ዝቅ ያለ ይሻላል። በጎን ተኝተው ከኋላ ፎቶ ያስነሡ፤ አፍንጫዎ ከደረት አጥንትዎ መሃል ጋር በአንድ መስመር ካልሆነ ትራሱን ይለውጡ።

አንገት ተይዞ ሲያድር

አንዳንድ ጠዋት አንገት አልዞርም ብሎ ተይዞ ይገኛል። ያን ቀን ማጠንከሪያዎቹን ሁሉ ይተዉ፤ አጥብቆ መሳብም የተያዘውን ጡንቻ ይበልጥ ያስቆጣዋል። ለብ ያለ፣ ቆዳ የማያቃጥል ሙቀት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉ። ከዚያ በጀርባ ተኝተው ራስዎን ትራስ ላይ እንዳረፈ፣ ሳያነሡት፣ ወደማያምበት ጎን ቀስ ብለው 10 ጊዜ ያንከባልሉት፤ ቀጥሎ ወደሚያምበት ጎን ሕመሙ እስከሚጀምርበት ድረስ ብቻ። በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። በአንገት ማሠሪያ አፍኖ መቀመጥ መገተሩን ያራዝመዋል። ወደ ጎን ዞረው ማየት እስኪችሉ መኪና አይንዱ። እንዲህ ያለው መያዝ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ቢበዛ በሳምንት ገደማ ይለቃል፤ ሲለቅ ከተኝቶ አገጭ መሰብሰብ፣ በ5 ሰከንድና በ5 ድግግሞሽ፣ እንደገና ይጀምሩ።